በእንስሳት መርፌ ውስጥ ያለው ሁሉ ፈዋሽ አይደለም፡- ስለ አጋዥ ንጥረ ነገሮች ማወቅ የሚገባን

ለአርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ ጽሑፍ
ደብረ ኤልያስ ወረዳ፣ ምሥራቅ ጎጃም ዞን

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ያጠናቀቀ አርሶ አደር፡-

• በመርፌ በሚሰጥ የእንስሳት መድኃኒት ውስጥ ፈዋሹን ንጥረ ነገር ከአጋዡ ለይቶ ያውቃል፤
• በፓኬት ወይም በብልቃጥ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች የትኛው የመድኃኒቱን መጠን እንደሚያሳይ ይለያል፤
• መድኃኒት ሲቀላቀል፣ በማይገባ ውኃ ሲበጠበጥ ወይም በማይገባ ቦታ ሲወጋ የሚመጣውን ጉዳት ያስረዳል፤
• ከመርፌ በኋላ ወተቱና ሥጋው ለስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ባለሙያውን ጠይቆ ይመዘግባል።

ለትምህርቱ የሚያስፈልጉ፡- ባዶ ብልቃጦችና ባዶ ፓኬቶች ከነጽሑፋቸው፣ ንጹሕ ውኃ፣ መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ፣ የደረት ዙሪያ መለኪያ ሜትር። እውነተኛ መድኃኒት ለመለማመጃ አይቀርብም።

1. መግቢያ፡- የሁለቱ በሬዎች ነገር

ውድ አርሶ አደሮች፣ ትምህርቱን እኔው ራሴ በደረሰሁበት ነገር ልጀምር። በአንድ ዓመት ሰኔ ወር ላይ በዓባይ ተዳፋት ከሚገኙት የቆላ ቀበሌዎቻችን በአንዱ ለሥራ ሄጄ ሳለሁ አንድ አባት ሁለት በሬዎቻቸውን አሳዩኝ። ሁለቱም ከስተዋል፣ ጠጉራቸው ቆሟል፣ ዓይናቸው ይፈስሳል። አንደኛው አንገቱ ላይ የቡጢ ያህል አብጧል። በሽታው ገንዲ መሆኑን እርሳቸውም ያውቁታል። ከሦስት ሳምንት በፊት ከገበያ መድኃኒት ገዝተው አስወግተው ነበር። በሬዎቹ ለጥቂት ቀን ደህና መስለው፣ ሣር ነጭተው፣ ተመልሰው ወደቁ።

እንዴት እንደተሰጣቸው ጠየቅኋቸው። ሻጩ አንዱን ፓኬት ቀድዶ፣ ከጀሪካን ውኃ ቀድቶ፣ በጥብጦ፣ ለሁለቱ በሬዎች እኩል አካፍሎ ወግቷል። ፓኬቱን በኪሳቸው ይዘውት ነበርና አወጡት።

«ልጄ፣ እዚህ ላይ ሁለት ግራም ከምናምን ይላል። ሁለት በሬ፣ ሁለት ግራም። ምኑ ላይ ተሳሳትሁ?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ፓኬቱ እውነትም 2.36 ግራም ይላል። ነገር ግን ገንዲን የሚገድለው ዲሚናዚን የተባለው መድኃኒት ከዚያ ውስጥ 1.05 ግራም ብቻ ነው። ቀሪው 1.31 ግራም አንቲፓይሪን የተባለ አጋዥ ነው። ከግማሽ በላዩ በሽታውን አይገድልም ማለት ነው። እኒያ አባት ያንን ዓመት በሰው በሬ ተቀናጅተው አረሱ፤ ያበጠውን በሬ ግን በርካሽ ሸጡት።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እኒያ አባት ለጠየቁት ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

2. ፈዋሽና አጋዥ ማለት ምን ማለት ነው?

መሬቱን የሚሰነጥቀው ማረሻው ነው። ይሁን እንጂ ሞፈር፣ ድግርና ቀንበር ከሌሉ ማረሻ ብቻውን አያርስም። በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። በሽታውን የሚያጠፋው ክፍል ፈዋሽ ንጥረ ነገር ይባላል። ፈዋሹን የሚያሟሟው፣ የሚሸከመው፣ እንዳይበላሽ የሚጠብቀውና በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ እንዲለቀቅ የሚያደርገው ክፍል ደግሞ አጋዥ ንጥረ ነገር ይባላል።

አጋዥ የሚባለው በሽታውን በራሱ ስለማያድን ነው። «ስለማያድን ምንም አያደርግም» ብሎ ማሰብ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። መርፌው የት እንደሚወጋ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚደገም፣ የተወጋው ቦታ ለምን እንደሚያብጥ፣ ወተቱና ሥጋው ለስንት ቀን እንደሚቆይ በአብዛኛው የሚወስነው አጋዡ ነው።

አጋዥ ንጥረ ነገሮችን በሥራቸው በአምስት ከፍለን እናያቸዋለን።

ሀ) አሟሚና ተሸካሚ፡- ለመርፌ የተዘጋጀ ንጹሕ ውኃ፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ዘይትና የመሳሰሉት። ፈዋሹ በሲሪንጅ ተስቦ ወደ ሰውነት እንዲገባ ያደርጋሉ።

ለ) ማረጋጊያ፡- ፈዋሹ በሙቀት፣ በአየርና በብርሃን ቶሎ እንዳይበላሽ ይጠብቃል። ከላይ ያየነው አንቲፓይሪን የዚህ ዓይነት ሥራ አለው፤ የተበጠበጠው ዲሚናዚን ቶሎ ኃይሉን እንዳያጣ ይረዳል።

ሐ) ጀርም ተከላካይ፡- አንድ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ በመርፌ ሲቀዳ ጀርም እንዳይራባበት ይጨመራል። ቤንዚል አልኮል የተባለው በብዙ ብልቃጦች ውስጥ ይገኛል።

መ) አንሳፋፊ፡- በውኃ የማይሟሟ ዱቄት በፈሳሹ ውስጥ ተበትኖ እንዲቆይ ያደርጋል። ነጩ የፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን መርፌ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሳይነቀነቅ ከተቀዳ መድኃኒቱ ከሥር ይቀርና በሬው የሚያገኘው ከላይ ያለውን ቀጭን ፈሳሽ ይሆናል።

ሠ) የክትባት አጋዥ፡- ክትባቱ ሰውነትን በደንብ እንዲቀሰቅስ ያደርጋል። የአሉሚኒየም ጨው በብዛት የሚታወቀው ነው።

3. የገንዲው መድኃኒት ሒሳብ

በወረዳችን ቆላማ ክፍል፣ በዓባይ ሸለቆ አቅጣጫ፣ ገንዲ የታወቀ ችግር ነው። በሽታውን ከሚያስተላልፉት ዝንቦች ዋናዋ የቆላ ዝንብ ናት። ለሕክምና በብዛት የሚሰጠው ዲሚናዚን ስለሆነ ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

በትንሹ ፓኬት ላይ የሚገኙት ቁጥሮች፡-

• ጠቅላላ ክብደት፡ 2.36 ግራም
• ዲሚናዚን (ፈዋሽ)፡ 1.05 ግራም፣ ማለትም 1,050 ሚሊ ግራም
• አንቲፓይሪን (አጋዥ)፡ 1.31 ግራም

ትልቁ ፓኬት 23.6 ግራም ሲሆን ፈዋሹ 10.5 ግራም ነው። አምራቹ ሲለያይ ቁጥሩም ሊለያይ ስለሚችል ሁልጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል።

የተለመደው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የበሬው ክብደት 3.5 ሚሊ ግራም ዲሚናዚን ነው። ትንሹ ፓኬት በታዘዘው ውኃ ተበጥብጦ 15 ሲሲ ፈሳሽ ሲሆን እያንዳንዱ ሲሲ 70 ሚሊ ግራም ይይዛል። ስለዚህ ለ100 ኪሎ ግራም 5 ሲሲ ይሰጣል። አንድ ትንሽ ፓኬት የሚበቃው ለ300 ኪሎ ግራም እንስሳ ነው።

አሁን ወደ እኒያ አባት በሬዎች እንመለስ። እያንዳንዱ በሬ 240 ኪሎ ግራም ቢመዝን፡-

• የሚያስፈልገው፡ 240 × 3.5 = 840 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 12 ሲሲ
• ያገኘው የፓኬቱን ግማሽ፡ 525 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 7.5 ሲሲ

ከሚገባው ሁለት ሦስተኛው እንኳ አልደረሰም። የጎደለ መጠን ደካማውን ተውሳክ ገድሎ ጠንካራውን ይተዋል። የተረፈው ይራባል፣ በሬው ተመልሶ ይወድቃል። በአንድ ቀበሌ ይህ ሲደጋገም መድኃኒቱን የለመደ ተውሳክ ይበዛና በትክክል ያከመው ጎረቤት በሬም የማይድንበት ጊዜ ይመጣል።

«እንግዲያው አብዝቼ ልስጥ» የሚልም አለ። ይህም አደጋ ነው፤ ዲሚናዚን ሲበዛ ነርቭን፣ ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳል። መፍትሔው ክብደቱን በደረት ዙሪያ ሜትር ለክቶ፣ በፈዋሹ ቁጥር ማስላት ነው። ስሌቱን የሚሠራው የእንስሳት ጤና ባለሙያው ነው፤ የእናንተ ድርሻ «በሬዬ ስንት ኪሎ ሆነ? ስንት ሲሲ ይገባዋል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

4. በምን ውኃ ነው የሚበጠበጠው?

ዱቄት ሆኖ ለሚመጣ መድኃኒት ውኃው ራሱ አጋዥ ንጥረ ነገር ነው። ለመርፌ የተዘጋጀ ውኃ ጀርምም ጨውም እንዳይኖረው ተደርጎ ታሽጎ ይመጣል። የምንጭ፣ የወንዝና የጀሪካን ውኃ ግን ለዓይን ጥሩ ቢመስልም ጀርም ይዟል። ይህ ጀርም በአፍ ሲገባ ሆድ ሊያሸንፈው ይችላል፤ በመርፌ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ግን የሚያግደው የለም። በበሬው አንገት ላይ ያየሁት እብጠት ሲፈርጥ መግል ነበር የወጣው።

አፈር የነካው ውኃ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። አባ ጎርባን የሚያመጡት ዓይነት ጀርሞች ዘራቸው በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ሥጋ ውስጥ ሲገቡ እንስሳውን በአንድ ሁለት ቀን ሊገድሉት ይችላሉ።

ውኃ አፍልቶ ማቀዝቀዝስ? ማፍላት ብዙ ጀርም ይገድላል፤ ነገር ግን እነዚህን የአፈር ጀርሞች ዘር ሁሉ አይገድልም፣ በውኃው ያለውን ጨውና ደለልም አያስወግድም። ስለዚህ ለመርፌ አይሆንም። መድኃኒቱ ሲገዛ ውኃውም አብሮ ይገዛ። ከተበጠበጠ በኋላም በዚያው ዕለት ይሰጥ፤ የተረፈው «ለነገ» ተብሎ በቤት አይቀመጥ።

5. ስሙ አንድ፣ ተሸካሚው ሌላ

ኦክሲቴትራሳይክሊን በአካባቢያችን በብዛት ከሚወጉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። በሁለት ዓይነት ይመጣል፤ 10 በመቶ እና 20 በመቶ፣ ረጅም ጊዜ የሚቆየው። በሁለቱም ብልቃጦች ላይ የሚጻፈው መጠን ብዙ ጊዜ «ለ10 ኪሎ ግራም 1 ሲሲ» የሚል ነው። ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው፡-

• 10 በመቶው ቶሎ ወደ ደም ገብቶ ቶሎ ይወጣል። ስለዚህ በየቀኑ ለተከታታይ ቀናት ይሰጣል።
• 20 በመቶው ልዩ ተሸካሚ አለው። ጡንቻ ውስጥ ሲገባ እዚያው ይቀመጥና ለሦስት ቀን ያህል ቀስ እያለ ይለቀቃል። አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ካስፈለገም ባለሙያው ከሦስት ቀን በኋላ ይደግመዋል።

10 በመቶውን አንድ ቀን ብቻ ሰጥቶ የተወ ሰው በሽታውን ሳይጨርስ ትቷል። 20 በመቶውን በየቀኑ የሰጠ ደግሞ በሬውን በመድኃኒት አጨናንቋል። ሁለቱም «ኦክሲ ሰጥቻለሁ» ይላሉ።

ረጅም ጊዜ የሚቆየው ዓይነት በጡንቻ ውስጥ ብቻ ይወጋል፤ በደም ሥር አይሰጥም። ለ250 ኪሎ ግራም በሬ 25 ሲሲ ስለሚደርስም በአንድ ቦታ አይጨመቅም። ብልቃጡ በአንድ ቦታ ቢበዛ ስንት ሲሲ እንደሚወጋ ይናገራል፤ ከዚያ የበለጠው በሌላ ቦታ ይሰጣል። አለበለዚያ ያብጣል፣ ሥጋው ይጎዳል።

የሚያርስ በሬ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ቀንበርና ማነቆ የሚያርፍበት አንገት ካበጠ በሬው ቢድንም ለእርሻ አይደርስም። ስለዚህ «በሬው በዚህ ሳምንት ይጠመዳል» ብላችሁ አስቀድማችሁ ለባለሙያው ንገሩት። የሚወጋበትን ቦታና የሚያርፍበትን ቀን አብራችሁ ወስኑ።

ሁለተኛው ምሳሌ አይቨርሜክቲን ነው። ለውስጥና ለውጭ ጥገኛ የሚሰጠው ይህ መርፌ መጠኑ ለ50 ኪሎ ግራም 1 ሲሲ ሲሆን፣ የሚወጋው ከቆዳ ሥር ብቻ ነው። ተሸካሚው በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮል ስላለበት ሲገባ ያቃጥላል፤ እንስሳው ቢዘል አትደናገጡ። ይህ መድኃኒት በስብ ውስጥ ስለሚቀመጥና ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ፣ ብዙ አምራቾች ወተቷ ለሰው ለሚውል ላም እንዳይሰጥ ይጽፋሉ።

6. ሁለት መድኃኒት በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀልም

«አንድ ጊዜ ወግተን እንገላግለው» ተብሎ ሁለት መድኃኒት በአንድ ሲሪንጅ ሲቀዳ አይተናል። የአንዱ ፈሳሽ ኮምጣጣ፣ የሌላው በተቃራኒው ሊሆን ይችላል። ሲገናኙ እንደ ተቆረጠ ወተት ይረጋሉ ወይም ዱቄት ይሆናሉ። ያ ዱቄት በደም ውስጥ አይሟሟም፤ የተወጋበት ቦታ ላይ ቆሞ ሥጋ ያበላሻል። አንዳንድ ጊዜ ለውጡ በዓይን አይታይም፤ ኃይሉ ብቻ ይጠፋል። ሁለት መድኃኒት የታዘዘ እንደሆነ ለእያንዳንዱ የየራሱ ሲሪንጅ፣ የየራሱ ቦታ ይሁን።

ለክትባት ደግሞ ጥንቃቄው ከዚህ ይበልጣል፡-

• የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት ሕያው ነው። ደርቆ በብልቃጥ ይመጣል፤ ለእርሱ በተዘጋጀው ቀዝቃዛ ፈሳሽ ብቻ ይበጠበጣል። አልኮል ወይም በረኪና የነካው ሲሪንጅ ክትባቱን ይገድለዋል። ከተበጠበጠ ብዙ ሳይቆይ ያልቃል፤ ለዚህ ነው ባለሙያው «በጎቻችሁን አስቀድማችሁ ሰብስቡ» የሚላችሁ።
• በአሉሚኒየም ጨው የሚዘጋጁ ክትባቶች ይቀዘቅዛሉ እንጂ በረዶ አይሆኑም። አንዴ በረዶ የሆነ አጋዡ ይቋጠራል፤ ቢቀልጥም አያገለግልም። ከመሰጠቱ በፊትም ይነቀነቃል።
• የአባ ሰንጋ ክትባት ሕያው ዘር ስለሆነ በዚያው ሰሞን ፔኒሲሊን ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን የተወጋ እንስሳ ክትባቱ ላይሠራለት ይችላል። በቅርቡ የታከመ እንስሳ ካላችሁ ከክትባቱ በፊት ተናገሩ።

በአገራችን ለእነዚህ በሽታዎች የሚሰጠው ክትባት በአብዛኛው የሚመረተው ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ከቢሾፍቱ እስከ ደብረ ኤልያስ በቅዝቃዜ ተጠብቆ የመጣውን ክትባት በመጨረሻዋ ሰዓት ፀሐይ ላይ አናቆየው።

7. አጋዥ ንጥረ ነገር ሰውንም ጎድቷል

አጋዡን መናቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በሌላ ዓለም የደረሱ ሁለት ነገሮች ያሳዩናል።

እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ሰልፋኒላማይድ የተባለ ጥሩ መድኃኒት ለልጆችም ለአዋቂዎችም በሚጠጣ መልክ እንዲመች ተብሎ በዳይኢትሊን ግላይኮል ተሟሟ። መድኃኒቱ ደህና ነበር፤ ማሟሚያው ግን መርዝ ነበር። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1938፣ አገሪቱ ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደህንነቱ እንዲረጋገጥ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ እዚያው አሜሪካ ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት በሆስፒታል ውስጥ ትንፋሽ እያጠራቸው ሲሞቱ ምክንያቱ ተደረሰበት። ለመርፌና ለቱቦ ማጠቢያ ይውል በነበረው ፈሳሽ ውስጥ ጀርም እንዳይራባ የተጨመረው ቤንዚል አልኮል ነበር። ለአዋቂ ሰው የማይጎዳው መጠን ለአንድ ኪሎ ሕፃን ብዙ ሆነ።

ለእኛ ትምህርቱ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ለትልቅ እንስሳ የተሠራ መድኃኒት ለግልገልና ለጥጃ «ትንሽ ቀንሰን» ተብሎ በግምት አይሰጥም። ፈዋሹ ሲቀነስ አጋዡም አብሮ መመጠኑን የሚያውቀው ባለሙያው ነው።

ሁለተኛ፣ የእንስሳት መርፌ ለሰው አይወጋም። «ፔኒሲሊን ያው ፔኒሲሊን ነው፤ ጤና ጣቢያ ከምሄድ እቤት ያለውን ልወጋ» የሚል ሰው በየቀበሌው አይጠፋም። ስሙ አንድ ቢሆንም መጠኑም፣ ተሸካሚውም፣ ማቆያውም ለሰው ተብሎ አልተመረመረም። የእንስሳት መድኃኒት ልጆች በማይደርሱበት፣ ከሰው መድኃኒት ተለይቶ ይቀመጥ።

8. ወተቱና ሥጋው የሚቆይበት ቀን

መድኃኒት የተሰጠው እንስሳ ወተቱ ሳይጠጣ፣ ሥጋው ሳይበላ የሚቆይበት ቀን የመታቀቢያ ጊዜ ይባላል። ቀኑን የሚወስነው ፈዋሹ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱ ምን ያህል ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ አጋዡ እንዳደረገውም ይወስነዋል። ስለዚህ የሁለት አምራቾች ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ መጠኑ አንድ ሆኖ ሳለ፣ የተለያየ ቀን ሊጻፍበት ይችላል። «ጎረቤቴ ሳምንት ጠበቀ፣ እኔም ሳምንት» አይሠራም።

ረጅም ጊዜ የሚቆይ መርፌ ከሆነ ለሥጋ አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚጽፉ አምራቾች አሉ። ስለዚህ ለፋሲካ የሚታረድ ሙክት ወይም በሬ ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ ቢታመም፣ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት «ይህ ለፋሲካ ነው» ብላችሁ ንገሩ። ባለሙያው አጭር ቀን ያለው መድኃኒት ሊመርጥ፣ ወይም እርዱን እንድታዘገዩ ሊመክራችሁ ይችላል። ቀኑ ሳይሞላ ማረድም ሆነ ለነጋዴ ሸሽጎ መሸጥ ችግሩን ወደ ሌላ ሰው ገበታ ማስተላለፍ ነው። በተለይ የፔኒሲሊን አለርጂ ላለበት ሰው በወተት ውስጥ የቀረ ጥቂት መድኃኒት እንኳ ሊያሳምመው ይችላል።

9. ከማን እንገዛለን?

የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 መድኃኒት ተመዝግቦ፣ ፈቃድ ባለው ሰው ብቻ እንዲሸጥ ያዛል። አሁን ይህን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ሕጉ የወጣው ከላይ ባየነው ምክንያት ነው፤ በብልቃጡ ውስጥ ፈዋሹም አጋዡም ምን እንደሆነ አንድ ሰው መርምሮ ኃላፊነት እንዲወስድ።

በገበያ ቀን በጆንያ ላይ የተዘረጋ ብልቃጥ ፀሐይ መቶታል። ኦክሲቴትራሳይክሊን በቡናማ ብልቃጥ የሚታሸገው ብርሃን ስለሚያበላሸው ነው። ፈሳሹ ከወትሮው ይልቅ ከጠቆረ፣ ከሥሩ ጥጥር ከታየ፣ ክዳኑ ከተነካካ ወይም ጽሑፉ ከተፋቀ አትግዙ። በርካሽ ተገኘ ብሎ የበሬ ዋጋ ማጣት ትርፍ የለውም።

10. ባለሙያውን የምንጠይቃቸው ሰባት ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ባለሙያውን መድፈር አይደለም። ጥሩ ባለሙያ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

1) ፈዋሹ ማን ይባላል? በአንድ ሲሲ ስንት ሚሊ ግራም አለው?
2) በሬዬ ስንት ኪሎ ሆነ? ስንት ሲሲ ይገባዋል?
3) በምን ውኃ ነው የተበጠበጠው? መቼ?
4) የሚወጋው በጡንቻ ነው፣ ከቆዳ ሥር ነው ወይስ በደም ሥር? በአንድ ቦታ ስንት ሲሲ?
5) ይደገማል? በስንት ቀኑ?
6) ወተቱ ለስንት ቀን፣ ሥጋውስ ለስንት ቀን ይቆያል?
7) ብልቃጡ የተከፈተው መቼ ነው? የሚያበቃበት ቀንስ? (ብዙ ብልቃጦች ከተከፈቱ ከ28 ቀን በኋላ እንዲጣሉ ይጻፍባቸዋል።)

መልሱን በልጆቻችሁ ደብተር ላይም ቢሆን አስጽፉት፤ የበሬው ስም፣ ቀኑ፣ መድኃኒቱ፣ ሲሲው፣ ወተቱና ሥጋው የሚፈቀድበት ቀን። ፓኬቱንም አትጣሉት፤ እንስሳው ካልዳነ ቀጣዩ ባለሙያ መጀመሪያ የሚፈልገው እርሱን ነው።

11. የተግባር ልምምድና የመወያያ ጥያቄዎች

ልምምድ፡- በአራት በአራት ሆናችሁ ባዶ ፓኬትና ብልቃጥ ውሰዱ። ማንበብ የሚችለው ለሌሎቹ ያንብብ። ፈዋሹን፣ መጠኑን፣ የሚወጋበትን ቦታ፣ የመታቀቢያ ጊዜውንና የሚያበቃበትን ቀን ፈልጋችሁ ለሌላው ቡድን አስረዱ። ቀጥሎ በሲሪንጁ 12 ሲሲ እና 7.5 ሲሲ ውኃ ቀድታችሁ ልዩነቱን በዓይናችሁ እዩ።

ውይይት፡-

ሀ) 180 ኪሎ ግራም የምትመዝን ጊደር በገንዲ ታማለች። ከተበጠበጠው ዲሚናዚን ስንት ሲሲ ይገባታል? (መልስ፡ ለ100 ኪሎ 5 ሲሲ ስለሆነ 9 ሲሲ።)

ለ) ጎረቤታችሁ 20 በመቶውን ኦክሲቴትራሳይክሊን ለሦስት ቀን በየቀኑ ሊያስወጋ ነው። ምን ትመክሩታላችሁ?

ሐ) አንዲት እናት ላሟ ትናንት መርፌ ተወግታለች፤ ወተቱን ለሕፃን ልጇ ልትሰጥ ነው። ምን መጠየቅ አለባት?

መ) በቀበሌያችሁ ለመርፌ የተዘጋጀ ውኃ በቅርብ ይገኛል? ካልተገኘ ማን፣ እንዴት እንዲቀርብ ያድርግ? መልሳችሁን ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አቅርቡ።

12. ማጠቃለያ

እኒያ አባት «ምኑ ላይ ተሳሳትሁ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «አባቴ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም፤ ያላነበበልዎት ነው የተሳሳተው» አልኋቸው። ፓኬቱን ይዘው መቆየታቸው ግን ጠቀማቸው። የቀረውን በሬ ባለሙያው በሜትር ለክቶ፣ በንጹሕ ውኃ በጥብጦ፣ የሚገባውን ሲሲ ሰጠው። ለመስከረም ደርሶ ቆመ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ተጠመደ።

ዋና ዋና መልእክቶቻችን እነዚህ ናቸው፡- በፓኬቱ ውስጥ ያለው ክብደት ሁሉ መድኃኒት አይደለም፤ መጠን የሚሰላው በፈዋሹ ነው። ዱቄት የሚበጠበጠው ለመርፌ በተዘጋጀ ውኃ ብቻ ነው። ሁለት መድኃኒት በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀልም። ስሙ አንድ የሆነ ሁሉ አሰጣጡ አንድ አይደለም። የእንስሳት መርፌ ለሰው አይሆንም። የመታቀቢያ ቀኑ ሳይሞላ ወተቱ አይጠጣ፣ ሥጋውም አይበላ።

ከዚህ ሥልጠና ስትመለሱ በቤታችሁ ያለ አሮጌ ብልቃጥ ቢኖር ጽሑፉን አስነብቡት። የተከፈተ ወይም ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ መልሱት፤ በወንዝም በማሳም አትጣሉት። ለጎረቤታችሁም ያያችሁትን አሳዩት።